ጥቁር ማለት ፈሳሽ ነው

አልትራሳውንድ የተማርኩት በጤነኛ ሰው ሆድ ላይ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ከየቦታው የተሰበሰብን የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ተራ በተራ ሸሚዛችንን እየገለብን ጠረጴዛ ላይ እንጋደም ነበር። ሆድ ላይ የሚቀባው ጄል ቀዝቃዛ ስለሆነ ሲነካ ሰው ሁሉ ይሰቀጥጠዋል። ከመካከላችን ቦርጫሙ ሲተኛ ደግሞ "ይሄ መቼ ነው የሚወልደው?" እየተባለ ይሳቃል። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ምሳችንን ጥግብ ብለን ስለምንመጣ፣ የሞላ ጨጓራ ምስሉን ያበላሻል እያለች አስተማሪያችን ትበሳጭብናለች።

አስተማሪያችን ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ቀልድ የማይዋጥላት ቀጭን ሴት ነበረች። ፕሮብ የምንለውን፣ በእጅ ተይዞ ሆድ ላይ የሚንሸራተተውን መሣሪያ፣ እንደ እርሳስ ታስይዘንና ወደ ስክሪኑ ትጠቁማለች። "ጥቁር ማለት ፈሳሽ ነው" ትላለች። "ደምም ጥቁር ነው፤ ሽንትም ጥቁር ነው፤ የጠጣችሁት ውሃም ጥቁር ነው። ማሽኑ ጥቁር መሆኑን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። የቀረውን የምትጠይቁት ሰውየውን ነው።" ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በአምስተኛው ቀን የምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተለያየን። እኔም በጉበትና በኩላሊት መካከል ያለችውን ስንጥቅ፣ ሆድ ውስጥ ደም ሲፈስ መጀመሪያ የሚጠራቀምባትን ቦታ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አገኛታለሁ እያልኩ ወደ ሰበታ ተመለስኩ።

የምሠራበት ሆስፒታል ትንሽ ነው። ማሽኑ ሲመጣልን ላፕቶፕ የሚያህል ነገር ነበር፤ ከቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ እኔ ጋ ተቀመጠ። ሰው በቀነሰ ቁጥር የጥበቃውን ሆድ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ሆድ፣ እምቢ ያላለኝን ሰው ሁሉ ሆድ እያየሁ ተለማመድኩ። ከሁሉም በላይ ያስቸገርኳት የድንገተኛ ክፍሏን ነርስ ነው። በእናቴ ዕድሜ ትሆናለች፤ ተፍኪ ተወልዳ ያደገች፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ የምትጨርስ፣ ሐኪም የማትፈራ ሴት ናት። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን።

"ዶክተር፣ ይቺን ሳሙናህን እየቀባህ ሆዴን የምታሸው እስከ መቼ ነው?" ትለኛለች። "ያገኘኸው ነገር ካለ ንገረኝ፤ ከሌለ ሥራ አለብኝ።"

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልትውጥ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው የሚለው ወሬ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ሰልፍ ይወጣል፣ አስለቃሽ ጭስ ይተኮሳል፣ ከዚያ የከፋም ይተኮሳል፤ ከዚያ መንገዱ በድንጋይና በግንድ ይዘጋል። ጥቂት ቀን ይከፈትና ደግሞ ይዘጋል። ሰው ሲነጋ "እንደምን አደርክ" ማለቱን ትቶ "መንገድ አለ?" ይባባል ነበር። እኔ ደክሞኝ ነበር። ስለ ፖለቲካው የሚጠይቁኝ ሰዎች ነበሩ፤ መልሴ ሁሌም እንቅልፍ አምሮኛል የሚል ነበር፤ ሲቆጡኝ ደግሞ እኔም እቆጣለሁ። የተሰበረውን ሳስር፣ የተቀደደውን ስሰፋ ውዬ ማን ልክ ነው የሚል ጥያቄ የምሸከምበት ጀርባ አልነበረኝም።

ችግራችን ቀዶ ሐኪሙ ነው። የሚመላለሰው ከአዲስ አበባ ስለሆነ መንገድ በተዘጋ ቀን የቀዶ ጥገና ክፍላችን ተቆልፎ ይውላል። ያን ቀን ሆዱ ውስጥ የሚደማ ሰው ከመጣ ያለው ዕድል አንድ ነው፦ በዓለም ገና በኩል ወደ አዲስ አበባ መውሰድ። ዓለም ገና ላይ ደግሞ ወጣቶቹ መንገዱን ይዘዋል። አምቡላንሱ የጦር መሣሪያ ያመላልሳል ተብሎ አንዴ በድንጋይ ተመቷል፤ ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አልሄድም ብሎ ማለ።

መንገዱን የሚያስከፍቱልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከሆስፒታሉ ጀርባ የሚኖሩ፣ ረጅም፣ በሰፈሩ የተጣላን ሲያስታርቁ ያረጁ ገበሬ ናቸው፤ ስማቸውን ሳናስከትል ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ እንላቸዋለን። አምቡላንሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጡና ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ይወርዳሉ፤ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊት ከፊት በእግራቸው ይሄዳሉ። ሣር ይዞ የሚለምንን ሽማግሌ ገፍቶ መመለስ ነውር ነው፤ እርግማንም አለው። ወጣቶቹ ያጉረመርሙና ድንጋዩን ያንከባልላሉ። ኦቦ ግን ይህን ለማንም አያደርጉም። መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጡና ዓይኔን እያዩ ይጠይቁኛል።

"ሐኪም፣ ይሄ ሰው ካልሄደ ይሞታል? ዱጋ? እውነት ነው? ማልልኝ። እኔ ለእነዚያ ልጆች የምምለው አንተ በማልከው ነው።"

አንድ ቀን አንድ ገበሬ በቃሬዛ መጣ። ሰልፈኛው ሲሸሽ ወድቆ ሰው ሁሉ ረግጦት አልፏል። ግራ ጎኑን አቅፎ ያቃስታል፤ ልቡ ይሮጣል፤ ላቡ ይንቆረቆራል። "አልትራሳውንድ ይታይ" አልኩ፣ ድምፄን ሞቅ አድርጌ። ማሽኑን ከሳጥኑ እስካወጣና እስካሞቀው ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ ፕሮቡን ግራ ጎኑ ላይ፣ ከጣፊያው አጠገብ ሳስቀምጥ፣ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር ቁጭ ብሏል። ሰፊ፣ ጥርት ያለ ጥቁር። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሰውየው እየሞተ ነው ብዬ እያሰብኩ እኔ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም የተማርኩትን አገኘሁት። ጥቁሩ ውስጥ ትንንሽ ነጥቦች ይዋኙ ነበር፤ አስተማሪዬ ስለ እነሱም አንድ ነገር ብላ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ምን እንዳለች ግን ትዝ አላለኝም።

ኦቦ መጡ። "ጣፊያው ተቀዷል፣ ደም እየፈሰሰው ነው" አልኳቸው።

"ዱጋ?"

"እናቴ ትሙት!"

ሣራቸውን ይዘው ሄዱ። መንገዱ ተከፈተ፤ ሰውየው አዲስ አበባ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪማችን ከዚያው ደወለልኝ። "ወንድሜ" አለኝ፣ ሳቁን ለመያዝ እየታገለ፤ "ጨጓራ ሙሉ ውሃ ነው የላክህልኝ። ጎድኑ ተሰንጥቋል፤ ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኝቼዋለሁ።"

ነገሩ ምን እንደነበር የገባኝ ሰውየውና ሚስቱ ሊያመሰግኑኝ ሲመጡ ነው። በእኛ አገር አልትራሳውንድ ማለት እርጉዝ ሴት ማለት ነው። እርጉዝ ሴት ደግሞ ለአልትራሳውንድ ስትላክ "ውሃ ጠጥተሽ፣ ሽንትሽን ይዘሽ ነይ" ትባላለች። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ የለም። እኔ ማሽኑን ሳወጣ ሚስትየዋ ኮሪደሩ ላይ ካለው ባልዲ በጆግ እየቀዳች፣ ጎኑን ያመመውን ባሏን እያስገደደች ታጠጣው ኖሯል፤ ጥቁሩ ውስጥ ሲዋኙ ያየኋቸው ነጥቦችም የበላው እህል ነበሩ። "ሁለት ጆግ አጠጣሁት ዶክተር፣ ያለ ውሃ እንደማይታይ መች አጣሁት" አለችኝ በኩራት። ሲስተር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን ይታየኛል።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ሰውየው ከአዲስ አበባ ሲሸኝ ታክሲ ስላልነበረ ጎኑን ደግፎ በእግሩ ተመለሰ። ዓለም ገና ላይ የደረሰው ጠዋት ድንጋይ ያነሡለት ወጣቶች ገና እዚያው እንዳሉ ነው። ደም እየፈሰሰው ሊሞት ነው ተብሎ ያለፈ ሰው በዚያው ቀን "አካም ጂርቱ" እያለ ሰላምታ እየሰጠ ሲመጣ አስቡት። የጆጉንም ታሪክ ራሱ ነገራቸው። ከመካከላቸው አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ግዙፍ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው "ሐኪም ቢሻን" ብሎ ስም አወጣልኝ። ቢሻን ውሃ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ሐኪም ቢሻን ይሉኝ ጀመር፤ ያ ግዙፍ ሰው ራሱም በሆስፒታሉ በር ባለፈ ቁጥር ስሙን እየጠራ ሲስቅብኝ እሰማው ነበር። እኔ ስቄ ያለፍኩ መሰልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ደሜ ይፈላ ነበር፤ በሰዎቹም፣ በሴትየዋም፣ በጆጉም፣ በራሴም።

ኦቦ ቆይተው መጡ። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡና አጠገባቸው እንድቀመጥ ምልክት ሰጡኝ።

"ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ስንት ተሳስቻለሁ" አሉ። "ግን ሣሩ አንድ ነው። ሁለተኛ ለውሃ ሣር ካስያዝከኝ ሦስተኛ የሚሰማኝ የለም። በዚያን ጊዜ የሚሞት ሰው ሲመጣ ምን ይዤ እሄዳለሁ? እርግጠኛ ሳትሆን እንዳትጠራኝ።"

"እሺ ኦቦ" አልኩ። ትክክል ናቸው። እስከ ዛሬም ትክክል ነበሩ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እንደገና በተዘጋበት ሰሞን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንዲት ሴት በባጃጅ መጣች። ባጃጁ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲያንገጫግጫት ነው የመጣው፤ ጎረቤትዋ ደግፋታለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጥቁር ቀሚስዋ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተጣብቋል። ባሏ ሩቅ አገር የሚሠራ ሾፌር ነው፤ እሱም መንገድ ተዘግቶበት ከወጣ ሰንብቷል። ጠዋት ሆዷን ቆርጧት ራሷን ስታ ወደቀች። አሁን ነቅታለች። ከንፈርዋ ነጣ ቢልም ታወራለች፤ እንዲያውም ማሽኑን ሳወጣ ፈገግ አለች።

"ውሃውን ጠጥቼ፣ ሽንቴንም ይዤ ነው የመጣሁት ዶክተር" አለችኝ። "ስለ አንተ ሰምተናል።"

ሲስተር ሳቀች፤ ጎረቤትዋም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ።

ፕሮቡን ከእምብርትዋ በታች አስቀመጥኩት። ጥቁር ነው። የሽንት ፊኛዋ ሙሉ ስለሆነ ጥቁር መሆኑ ያለ ነው። ከማህፀንዋ ኋላም ትንሽ ጥቁር ያለ መሰለኝ፤ ፊኛው ገፍቶት ይሁን ሌላ ነገር ይሁን አልለይ አልኩ። ወደ ቀኝ ጎንዋ ወጣሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አገኛታለሁ ወደምላት ስንጥቅ። በጉበትና በኩላሊት መካከል፣ ቀሚስዋ ላይ ከተጣበቀው ክር የማትወፍር ጥቁር መስመር አለች። አለች? ፕሮቡን ሳዘነብለው ትጠፋለች፤ ሳቃናው ትመለሳለች። ጄሉ በውሃ የቀጠነ ነበር፤ ትክክለኛው ካለቀ ሰንብቷል። የእርግዝና መመርመሪያውም እንደዚያው፤ የጨረስነው መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ነው። የወር አበባዋን ስጠይቃት "አንዳንዴ ይዘገያል፣ ሁሌም እንዲህ ነኝ" አለች። የደም ግፊትዋ ዝቅ ቢልም የሚያስደነግጥ አልነበረም።

ያቺ መስመር ደም ከሆነች ሴትየዋ አሁኑኑ መሄድ አለባት። ደም ካልሆነች ደግሞ ኦቦን ለሁለተኛ ጊዜ ለውሃ ሣር አስይዛቸዋለሁ። በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ይህን ነው። ሳልዋሽ ልናገር፣ ከሁሉ በፊት ጆሮዬ ውስጥ የመጣው የዚያ ግዙፍ ሰው ሳቅ ነው።

"ሽንትዋን ትሽና፤ ከዚያ ደግመን እናያለን" አልኩ። ካርዷ ላይም ጻፍኩ፦ "ግልጽ አይደለም፤ ይደገም።" ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ሦስት ሰዓት ከአሥር።

ሲስተር ደግፋ ወሰደቻት፣ መልሳ አስተኛቻት፣ ግሉኮስ ሰቀለችላት። እኔ ወደ ሌሎቹ ሄድኩ። ግንባሩ የተፈነከተ ሰው ነበር፣ ሰፋሁት። እጅዋ የተቃጠለ ሕፃን ነበረች፣ አከምኳት። እነዚህ ሁሉ መጠበቅ ይችሉ ነበር። ሲስተር መጣች።

"ዶክተር፣ የዓይንዋን ሽፋን ገልብጬ አየሁት፤ ነጭ ነው። ኦቦን ልጥራቸው?"

"ቆይ፤ እርግጠኛ ልሁን።"

ሁለተኛ መጣች። "ልብዋ እየፈጠነ ነው። እኔ ማሽን አላውቅም፤ ሰው ግን አውቃለሁ። ልጥራቸው?"

"ሲስተር፣ ቆይ አልኩሽ እኮ!" አልኳት። ጮኼባታለሁ። በእናቴ ዕድሜ በሆነች ሴት ላይ፣ በሰው ፊት ጮኼባታለሁ። ወደ ሴትየዋ ተመልሳ ሄደች።

ደግሜ ሳያት አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ፕሮቡን ገና ሳስቀምጠው ጥቁሩ ጣት የሚያህል ሆኗል። በቀኝም፣ በግራም፣ ከታችም ጥቁር ነው። ሽንትዋን ሸንታለች፤ ውሃ የሚባል ሰበብ የለም። ከማህፀን ውጭ ያረገዘችው ፈንድቶ ሆድዋ ውስጥ እየደማች ነበር፤ መጀመሪያ ሳያትም እየደማች ነበር። አሁን እርግጠኛ ነኝ።

ኦቦ ወዲያው መጡ። "ዱጋ?" አሉኝ። "ዱጋ" አልኳቸው። ማልልኝ አላሉም፤ ፊቴን አይተው በቃቸው። እኔም ከኋላ፣ ከሴትየዋ ጎን ተሳፈርኩ።

ዓለም ገና ስንደርስ ድንጋዩ ከወትሮው ከፍ ብሎ ተከምሯል። ኦቦ ሣራቸውን ይዘው ወረዱ። በመስኮቱ ይሰማኛል።

"ዛሬስ ስንት ጆግ ጠጥቶ ነው?" አለ አንድ የማውቀው ድምፅ። ተሳሳቁ።

"ልጆቼ፣ ክፈቱ። ሰው እየሞተ ነው።"

"ኦቦ፣ አንቱን እናከብራለን። ግን ባለፈው ደም ብላችሁን ውሃ ሆነ። ዛሬ ሳናይ አንከፍትም።"

ኦቦ ለመኑ። አንዱ ይከፈት ሲል ሌላው ይታይ ይላል። በመጨረሻ የኋላው በር ተከፈተና ያ ግዙፍ ሰው አንገቱን አስገባ። ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነበር። ቃሬዛው ላይ ያለችውን አየ።

"ኦቦሌቲ ኮ!" አለ። እህቴ! ቀጥሎ ስሟን ጠራ፤ አልመለሰችለትም።

ድንጋዩን ለማንሣት ሌሎቹ እስኪመጡ አልጠበቀም። በሆዱ እያቀፈ፣ በጉልበቱ እየገፋ ሲያንከባልል እጁ ደምቷል። ስናልፍም አልተሳፈረም፤ ተሳፈር ማለትም ለማናችንም ትዝ አላለንም። ከኋላችን ሲሮጥ አየሁት፤ ከዚያ አቧራው ሸፈነው። ሰዓቴን አይቻለሁ። ያቆሙን ስምንት ደቂቃ ነው።

ሴትየዋ አዲስ አበባ፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ሞተች። ቀዶ ሐኪማችን ጓንቱን እንዳጠለቀ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ትንሽ ቀደም ብላ ብትደርስ" አለ። ከዚያ "መንገዱ ነው አይደል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አዎ" አልኩት።

ይቺ "አዎ" ከእኔ ቀድማ ሰበታ ገባች። መንገዱ ነው፤ መንገዱን የዘጉት ናቸው፤ ከዘጉት መካከል ደግሞ የገዛ ወንድምዋ ነው። ሰዉ በየበረንዳው ይህንኑ ያወራል። ለቅሶው በተቀመጠ በሦስተኛው ቀን ሲስተር መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን አገኘችኝ።

"ወንድምዋ ድንኳን አልገባም ብሏል" አለችኝ። "ውጭ አጥሩ ሥር ነው የሚያድረው። እህል አልቀመሰም። እኔ ነኝ የገደልኳት ይላል። እናቲቱ የሞተችውን ታልቅስ፣ ያለውን ትጠብቅ፣ ጨንቋታል።"

መደርደሪያው ላይ ያሉትን ብልቃጦች መቁጠር ጀመርኩ።

"እኔ ካርዷን አይቻለሁ፤ ለማንም አልናገርም" አለች። "ግን ዛሬ ለቅሶ አብረን እንሄዳለን።"

ሄድን። ድንኳኑ የተተከለው ከቤተሰቡ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ከዚያ ማዶ የጤፍ ማሳ ነው። ሰውየው ሲስተር እንዳለችው አጥሩ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጧል። ትልቅነቱ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። የቆሰለው እጁ በጨርቅ ታስሯል። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረ፤ ለሐኪም መነሣቱ ነው። አጠገቡ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

"ያቆማችሁን ስምንት ደቂቃ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ሰው ሲደማ ስምንት ደቂቃ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።"

"ስማኝ። እኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው ያቆምኳት። ደሙን መጀመሪያውኑ አይቼዋለሁ። ቀጭን ነበር፤ ግን አይቼዋለሁ። ያኔ ልኬያት ቢሆን ስምንት ደቂቃህ አይገድላትም ነበር።"

ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

"ለምን አቆምካት?" አለ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ስለሳቅክብኝ። ስም ስላወጣህልኝ። እንደገና እንዳትስቅብኝ ብዬ። እውነቱ ይህ ነው፤ ግን ይህን ብነግረው ያነሣሁለትን ሸክም መልሼ ራሱ ላይ መጫን ነው። ኦቦ ያሉኝም አለ፤ እሱንም ተውኩት።

"ፈርቼ" አልኩት። "መሳሳት ፈርቼ።"

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ በታሰረው እጁ ድንኳኑን አሳየኝ። "ግባና ለእናቴ ንገራት" አለኝ። "እኔ ብነግራት አታምነኝም።"

ለእሱ መንገር ያንን ያህል አልከበደኝም። ድንኳኑ በር ላይ ግን ቆምኩ። ውስጡ ሙሉ ሰው ነው፤ ያከምኳቸው፣ ልጆቻቸውን ያከምኩላቸው። ኦቦ ከወንዶቹ መካከል ተቀምጠዋል። እናቲቱ ከሴቶቹ መሃል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው ደርቆ። ሲስተር ገፋ አድርጋ አስገባችኝና ጎኔ ቆመች። እናቲቱ አማርኛ ያውቃሉ፤ ሲስተር ግን "ኀዘን ላይ ያለ ሰው በገዛ ቋንቋው ይስማ" ብላ እያንዳንዱን ቃሌን ታስከትል ጀመር።

"እናቴ፣ ልጅዎን ያዘገያት መንገዱ አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ። ደሙን አይቼ ተጠራጠርኩ። አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ አስቀመጥኳት። ወንድምዋ ያቆማት ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው።"

ሲስተር አንድ ሰዓት የሚለው ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጨረሰችው። ኦቦ አንገታቸውን ደፉ። እናቲቱ ተናገሩ፤ ለእኔ አይደለም፣ በሩ አጠገብ ለነበሩት ሴቶች ነው።

"ልጄን ጥሩልኝ" አሉ። "ሦስት ቀኑ ነው። እህል ይቅመስ።"

ሁለት ሰው ወጥቶ ደግፎ አስገባው። ጎንበስ ብሎ በመሃላችን አለፈና እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ከፊታቸው ካለው ንፍሮ ዘገኑ፣ አፉን በእጃቸው ከፍተው አጎረሱት። ሲያኝክ ማልቀስ ጀመረ፤ ያኔ እሳቸውም ማልቀስ ቻሉ፣ ሴቶቹም ተከተሉ፣ ሲስተርም ከአጠገቤ ሄዳ ከእነሱ ጋር ተቀመጠች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ውጣም ተቀመጥም የሚለኝ ሰው አልነበረም።